ፖቶስሽ ሐረጉ ረዝሞ ቅጠሉ ለምን አነሰ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ፖቶስ አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ራቅ ያለ መደርደሪያ አናት ላይ አስቀምጬው ወደ ታች ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ስገዛው ቅጠሉ ሰፋ ያለና ቢጫ ዥንጉርጉር ነበር። አሁን ሐረጉ መሬት ሊነካ ነው፣ ግን አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ትንንሽ ነው፣ ቢጫውም ጠፍቶ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል። መሃል ላይ ቅጠል የሌለው ራቁት ግንድ ነው። ከአፈሩ አጠገብ ያሉት ቅጠሎች ደግሞ እየወየቡ ይረግፋሉ። በሳምንት ሁለት ቀን አጠጣዋለሁ። ማዳበሪያ ጨምሬ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም፤ እንዲያውም የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ እየሆነ ነው። ወደ ትልቅ ማስቀመጫ ላዛውረው ወይስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ተረጋጊ። ይሄ ተክል ይድናል። ወደ ትልቅ ማስቀመጫ ግን አሁን አታዛውሪው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ማዳበሪያውንም ለጊዜው አቁሚ።

ብዙ ችግር የዘረዘርሽ ይመስልሻል፣ ግን መነሻቸው አንድ ነው። ትንሹ ቅጠል፣ የጠፋው ቢጫ፣ ራቁቱ ግንድ፣ የሚረግፈው ቅጠል፣ የተቃጠለው ጫፍ ጭምር ከብርሃን ማነስ ጋር ይያያዛሉ። ብርሃን ስለጎደለው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ውሃውን አይጨርስም፤ ውሃው አፈሩ ውስጥ ስለሚቆይ ሥሩ ይታፈናል፤ ሥሩ ስለታፈነ የሰጠሽውን ማዳበሪያ መጠቀም አይችልም፣ ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ ይጠራቀምና ሥሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ከብርሃኑ እንጀምር።

ፖቶስ የተገኘው ከደቡብ ፓስፊክ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ካለችው ሞኦሬያ ደሴት ነው። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ከጫካው ወለል ይነሳል፣ ግንድ ሲያገኝ በአየር ሥሮቹ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወደ ላይ። ወደ ብርሃኑ በቀረበ ቁጥር ግንዱ እየወፈረ ቅጠሉም እየሰፋ ይሄዳል። በተፈጥሮ ቦታው ሐረጉ እስከ 20 ሜትር ይወጣል፣ አንዱ ቅጠል ብቻውን 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ሲጎለምስም ቅጠሉ ከዳር ወደ ውስጥ ይሰነጣጠቃል። እኛ ቤት ውስጥ የምናውቀው መዳፍ የሚያህለው ልብ መሳይ ቅጠል የልጅነት ቅጠሉ ነው። ብዙ ሰው ፖቶስ ለዓመታት አሳድጎ ጎልማሳውን ቅጠል አንድ ጊዜም ሳያየው ይቀራል።

አሁን ያንቺን ሐረግ በዚህ ዓይን እዪው። የጫካው ወለል ጨለማ ነው። እዚያ ያለ ሐረግ ትልቅ ቅጠል ቢያወጣ ኪሳራ ነው፣ ቅጠሉ የተሠራበትን ጉልበት የሚመልስለት ብርሃን የለም። ስለዚህ ያለውን ጉልበት ርዝመት ላይ ያውለዋል። በአንዱ ቅጠልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ሐረጉ ይሮጣል። የሚወጣበት ግንድ እየፈለገ ነው። የፖቶስ ዘመድ በሆነ አንድ የሞንስቴራ ዝርያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት አለ፤ ችግኙ መሬት ለመሬት ሲሄድ ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማው፣ ማለትም ወደ ትልቅ ዛፍ ግንድ ጥላ እንደሚሳብ ያሳየ ነው። ዛፉን ካገኘ በኋላ ነው ወደ ብርሃን የሚዞረው። እኔ ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ የተንጠለጠለ ሐረግ ሲረዝም «እንዴት ደስ ይላል፣ አድጓል» ማለት ትቻለሁ። መርዘም ብቻውን የጤና ምልክት አይደለም።

ማንጠልጠሉም በራሱ ቅጠሉን ያሳንሳል። ወደ ታች የሚወርድ ሐረግ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ የልጅነት ቅጠሉን ይዞ ይቀራል፤ ብርሃኑ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ምሰሶ ላይ እንደሚወጣው አይሰፋም። ማንጠልጠል ስህተት ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ሲንጠለጠል ያምራል። ትልቅ ቅጠል ከፈለግሽ ግን የሚወጣበት ነገር ስጪው።

ቢጫው የጠፋበትም ምክንያት ያው ነው። የቅጠሉ ቢጫ ወይም ነጭ ክፍል ክሎሮፊል (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና ብርሃን የሚይዝለት ንጥረ ነገር) የለውም ወይም በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ ስለዚህ ምግብ በማምረት ረገድ እምብዛም አይረዳውም። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ ይበልጥ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ያወጣል። ብርሃን ሲጨምር አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ቢጫው ይመለሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ። አንዳንዴ ግን አንዱ ሐረግ ጨርሶ ወደ አረንጓዴነት ይለወጥና ብርሃን ቢያገኝም አይመለስም። ያኔ ዥንጉርጉር ቅጠል እስከነበረበት አንጓ ድረስ ወደ ኋላ ሄደሽ ትቆርጪዋለሽ። ካልቆረጥሽው አረንጓዴው ሐረግ ከሌላው በፍጥነት ስለሚያድግ ተክሉን ሁሉ ይይዘዋል። አረንጓዴው ቅጠል ግን ወደ ኋላ ዥንጉርጉር አይሆንም፣ እሱን አትጠብቂ።

መስኮቱ ጋ ምን ያህል ይጠጋ? የሰው ዓይን ብርሃን ለመለካት አይታመንም። ዓይናችን ጨለማውን ቶሎ ስለሚለምድ ሳሎኑ በሙሉ እኩል ብሩህ ይመስለናል፣ ለተክሉ ግን መስኮቱ ሥርና ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ርቆ ያለው ቦታ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው፤ ሁለት ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን መስኮቱ ሥር ካለው ሩቡን እንኳ ላይሆን ይችላል። መደርደሪያ አናት ደግሞ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ በላይ ስለሚሆን ሰማዩን አያይም። ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ ራስሽን ተክሉ ባለበት ቦታ አድርጊና ወደ መስኮቱ ተመልከቺ። ሰማይ ይታይሻል? ካልታየሽ ቦታው ለማደግ አይበቃውም፣ ለመቆየት ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ቀን ላይ ነጭ ወረቀት ተክሉ አጠገብ ዘርግተሽ እጅሽን ከወረቀቱ በላይ ያዢ። ጥላው ጠርዙ ለስለስ ብሎ ግን በግልጽ ከታየ ጥሩ ነው። ጥላው ጭራሽ ካልታየ ጨለማ ነው። ጥላው ጥርት ብሎ ጠርዙ ስል ከሆነ ቀጥታ ፀሐይ ነው፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቅጠሉን ያቃጥላል።

የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ይስማማዋል። ለቀትሩ ስስ መጋረጃ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ሁለት ዓመት ጨለማ ውስጥ የቆየ ቅጠል በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢወጣ ይነጣና ይደርቃል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስጠጊው። መስኮት ያለው ቦታ ጨርሶ ከሌለሽ ነጭ የኤልኢዲ መብራት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ በቀን 12 ሰዓት ያህል ማብራት ይቻላል፤ የግድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የተክል መብራት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ውሃው። «በሳምንት ሁለት ቀን» የሚለውን ከነገ ጀምሮ እርሺው። ተክል ቀን አይቆጥርም። የሚጠጣው እንደ ብርሃኑ፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ማስቀመጫው መጠንና እንደ አፈሩ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ ሰው በሳምንት አንዴ የሚበቃው ለሌላው በሦስት ሳምንት አንዴ ይሆናል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ። እርጥበት ከነካሽ ተዪው። ደረቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወርድ ድረስ በደንብ አጠጪው፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፊ፣ ከዚያ እንደገና እስኪደርቅ ጠብቂ። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል፣ ታች ያለው ሥር አይደርሰውም። ልምድ ሲኖርሽ ደግሞ ማስቀመጫውን አንስተሽ በክብደቱ ብቻ ታውቂያለሽ።

ሥር ኦክስጅን ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች ሁልጊዜ ውሃ ከሞላቸው አየር አያገኝም፣ የታፈነውን ሥር ደግሞ እንደ ፒቲየም ያሉ እርጥበት ወዳድ ተሕዋስያን ያበሰብሱታል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል ልክ እንደጠማው ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም አዝኖለት ሌላ ውሃ ይጨምርበታል፣ እንደዛ እየሆነ ያልቃል። የጠወለገ ፖቶስ ስታዪ መጀመሪያ አፈሩን ንኪ። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል፣ ካጠጣሽው በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ችግሩ ሥሩ ላይ ነው።

የታችኛው ቅጠል መርገፍ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። አልፎ አልፎ አንድ አሮጌ ቅጠል ወይቦ ቢወድቅ ዕድሜው ነው፣ ተክሉ ናይትሮጅኑን ከእሱ ስቦ ወደ አዲሱ ይልከዋል። ያንቺ ግን በተከታታይ ነው የሚረግፈው፣ ውሃውም በዝቷል፣ ስለዚህ ሥሩን ማየት አለብሽ። ማስቀመጫውን ዘንበል አድርገሽ ተክሉን ከነአፈሩ በቀስታ አውጪው። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይላጣል፣ ይሸታል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪና አዲስ አፈር ላይ መልሺው። ሥሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትነኪ ወደ ቦታው መልሺው።

ማስቀመጫው ለምን አይተልቅም? ምክንያቱም ተጨማሪ አፈር ማለት ተጨማሪ ውሃ ነው፣ ያንን ውሃ የሚጠጣ ሥር ደግሞ ገና የለም። የሚዛወረው ሥሩ ማስቀመጫውን ሞልቶ በታችኛው ቀዳዳ መውጣት ሲጀምር ነው፣ ያኔም 3 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሰፋ ወዳለ። እንዲያውም ሥሩን ቆርጠሽ ከቀነስሽ ወደ አነሰ ማስቀመጫ መሄድ ሊኖርብሽ ይችላል። ቀዳዳ የሌለው ውብ ማስቀመጫ ካለሽ ቀዳዳ ያለውን ፕላስቲክ ውስጡ አስቀምጪበት። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃን ያስወግዳል የሚባለው ግን አይሠራም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆማል፣ ለሥሩም ይበልጥ ይቀርበዋል።

አፈሩ ልቅ መሆን አለበት። የጓሮ አፈር ብቻውን ማስቀመጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል። እኔ የምወደው ሁለት እጅ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ወይም ለማስቀመጫ ተክል የተዘጋጀ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቅንጣት)፣ አንድ እጅ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት ነው። መጠኑን በትክክል መጠበቅ አያስፈልግም። ስታጠጪው ውሃው ላዩ ላይ ሳይተኛ ወዲያው ከሰረገ ሠርቷል ማለት ነው።

ቡናማው ጫፍ አፈሩ ላይ ወይም ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ ከሚታይ ነጭ ቅርፊት ጋር ከተገጣጠመ የማዳበሪያ ጨው ነው። አፈሩ የሚደርቅበት ቀን ሲደርስ ማስቀመጫውን መታጠቢያ ላይ አድርጊና የማስቀመጫውን ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ቀስ እያልሽ አሳልፊበት፣ ጨው አጥቦ ይወጣል። ከዚያ ተክሉ አዲስ ቅጠል ማውጣት እስኪጀምር ድረስ ማዳበሪያ የለም። ማደግ ሲጀምር በወር አንዴ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ግማሹን አቅጥነሽ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ። ማዳበሪያ ለተክል ምግብ አይደለም። ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ራሱ ነው፣ ማዳበሪያው የሚሰጠው እንደ ናይትሮጅንና ፖታሺየም ያሉ ማዕድናትን ነው። ስለዚህ ብርሃን የሌለው ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመር ጥቅም የለውም።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ፣ መቁረጥ። ብዙ ሰው መቁረጥ ይፈራል። ሐረጉን ደባብሺው፣ ቅጠል በሚወጣበት ወይም ይወጣ በነበረበት ቦታ ሁሉ አንጓ አለ፣ አጠገቡም ቡናማ ጉብታ ታያለሽ፣ እሱ የአየር ሥር ነው። በአንጓው ላይ የተኛ ቡቃያ አለ። የሐረጉ ጫፍ እያደገ እስካለ ድረስ ከኋላ ያሉትን ቡቃያዎች በሆርሞን ያስተኛቸዋል፤ ጫፉን ስትቆርጪ ይነቃሉ። ራቁቱ ግንድሽም ያው ነው፣ ቅጠሉ ቢረግፍም አንጓው በሕይወት አለ። እና ሐረጉን ከአፈሩ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪው። የቀረው ጉቶ በአንድ ወር አካባቢ ከአንጓዎቹ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ብርሃኑ ከተስተካከለ። ግን ሁሉንም ሐረግ በአንድ ቀን አትቁረጪ። ሥሩ ተጎድቶ ካገኘሽው ቅጠል ያላቸውን ሁለት ሦስት ሐረግ ተይለት፣ ምግብ ይሥሩለት።

የቆረጥሽውን አትጣዪ። አንድ አንጓና አንድ ቅጠል እንዲኖረው እያደረግሽ ከአንጓው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለሽ ቆራርጪው፣ አንጓው ውሃ ውስጥ ቅጠሉ ውጭ ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጪው። ውሃውን በየሳምንቱ ለውጪ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ አፈር ውሰጂው፤ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ ሥር አፈር ለመልመድ ይከብደዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አፈሩን ትንሽ እርጥብ አድርጊለት። ቅጠሉን ከነአገዳው ብቻ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ካስገባሽው ግን ሥር ሊያወጣ ቢችልም ሐረግ አይሆንም፣ ቡቃያው ያለው አንጓው ላይ ነው። ሥር ያወጡትን ቁራጮች መልሰሽ እናቱ ማስቀመጫ ላይ በባዶው ቦታ ትከያቸው። ሱቅ ውስጥ ሞልቶ የምታዪው ለምለም ፖቶስም አንድ ተክል አይደለም፣ ብዙ ቁራጭ አብሮ የተተከለ ነው።

ከቻልሽ ከነዚያ አንዱን ምሰሶ ላይ አውጪው። እርጥበት የሚይዝ የስፋግነም ሞስ (የደረቀ ረግረጋማ ቦታ ሽበት) ምሰሶ ቢሆን ይመረጣል፣ የአየር ሥሮቹ ገብተው ይጠጡበታል። ሻካራ ጣውላም ይሆናል። ሐረጉን በለስላሳ ክር አንጓው አካባቢ ምሰሶው ላይ አስጠግተሽ እሰሪው፣ የቅጠሉን አገዳ ግን አብረሽ አትሰሪ፣ ወደ ብርሃን መዞር አለበት። ምሰሶው ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ሥሩ ይይዛል። ከዚያ እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ካለፈው ትንሽ ሲበልጥ ማየት በጣም ደስ ይላል። ቤት ውስጥ 1 ሜትር አይደርስም፣ ግን አሁን ካለሽ ቅጠል ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ውሃ መርጨትን ብዙዎች ይመክራሉ። የሚጨምረው እርጥበት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ ፖቶስ ደግሞ የተለመደውን የቤት አየር ይችላል። ይልቅ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ አቧራ ብርሃን ይከለክለዋል። ስትጠርጊም የቅጠሉን ጀርባና የአንጓውን ስርጉድ እዪ። ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ካገኘሽ ሚሊባግ የሚባል የተክል ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ነው፣ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ አንሺውና በየሳምንቱ ድገሚ፣ አንድ ጊዜ አይበቃም። ስስ ድርና የነጣ ነጠብጣብ ካየሽ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፣ መታጠቢያ ቤት ወስደሽ በደንብ እጠቢው። አፈሩ ላይ የሚበሩት ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ደግሞ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ እንደሆነ እየነገሩሽ ነው። ሙቀቱ ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይስማማዋል፣ ከ10 በታች ይጎዳዋል።

አበባ አትጠብቂ። ፖቶስ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የሚባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን እንደማይሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል፣ ተመራማሪዎቹ ሆርሞኑን ከውጭ ሲሰጡት አብቧል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሳይንሳዊ ስም ከተሰጠው በኋላ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረውም አበባው ስላልተገኘ ነው፤ አሁን ያለበት ምድብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

አየር ያጸዳል የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ1989 ናሳ በታሸገ ክፍል ውስጥ ካደረገው ሙከራ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በእውነተኛ ቤት ውስጥ መስኮት የመክፈትን ያህል ለማጽዳት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ስለሚያምር አሳድጊው፣ ያ ይበቃል።

ድመት፣ ውሻ ወይም ዳዴ የሚል ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የተንጠለጠለውን ሐረግ አሁኑኑ ከፍ አድርጊው። ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ፣ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ያስመልሳል። ስትቆርጪ የሚወጣው ፈሳሽም ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጅሽን ታጠቢ፣ ዓይንሽን አትንኪ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ዛሬ ሥሩን እዪ፣ ከዛሬ ጀምሮም ወደ መስኮቱ ቀስ በቀስ አስጠጊው። የበሰበሰ ካለ አጽጂ። ጨዉን አፈሩ በሚደርቅበት ቀን እጠቢው። ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲለምድ ሐረጎቹን ቁረጪና ውሃ ውስጥ አስገቢ። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል ካየሽ በኋላ። ባለፈው ችግር የወየቡት ሁለት ሦስት ቅጠሎች በዚህ መሃል ቢረግፉ አትደንግጪና ሌላ ነገር አትቀያይሪ። ቀደም ብለው የወጡት ትንንሽ ቅጠሎችም አይሰፉም፣ የሐረጉ ጫፍ ላይ የሚወጣውን አዲሱን ነው የምታዪው። እሱ ከቀዳሚው ከሰፋና ቢጫ ጭረት ይዞ ከተዘረጋ ቦታው ተስማምቶታል። ከሁለት ወር በኋላም ትንሽና አረንጓዴ ከሆነ አሁንም ብርሃን አንሶታል፣ ግማሽ ሜትር ጨምረሽ አስጠጊው።